የልዕልት አና ቀሚስና የኖርዌይ ቡናድ፦ ስለ «ፍሮዝን» ፊልም ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኖርዌይ ውስጥ ነው። የስምንት ዓመት ልጄ ‹ፍሮዝን› በተባለው የዲዝኒ የአኒሜሽን ፊልም ላይ ልዕልት አና የምትለብሰውን ዓይነት ቀሚስ ገዝቼላት ነበር፤ አሁን ደግሞ ለሜይ 17 የሕገ መንግሥት በዓል ‹የእኔ ቡናድ ይህ ነው› ብላ ልትለብሰው ተነሥታለች (ቡናድ የኖርዌጂያኖች ባህላዊ የበዓል ልብስ ነው)። አንዲት ጎረቤቴ ግን ‹ይህ ቡናድ አይደለም፤ ፊልሙም ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈጠራ ነው፤ ከአገራችን ታሪክ ጋር አይገናኝም› አሉኝ። ልጄ ሰምታ አዘነች። ለመሆኑ ፊልሙ ከታሪክና ከባህል አንጻር ምን ያህል እውነት አለው? ቀሚሱንስ ብትለብሰው ነውር ይሆናል?»

ምላሽ፦

ውድ እህቴ፣ ጎረቤትዎ ስለ ቀሚሱ የተናገሩት እውነት ነው፤ ስለ ፊልሙ የተናገሩት ግን ትክክል አይደለም። የእኔ ሙያ የቆዩ አልባሳትን መመርመርና ከብል፣ ከእርጥበትና ከብርሃን መጠበቅ ሲሆን፣ ኖርዌይ ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት በእጄ ያለፈው ጨርቅ አብዛኛው የገጠር ሰው የክት ልብስ ነበር። ስለዚህ ፊልሙን የተመለከትኩት የየልብሱን ስፌትና ጠርዝ እየተከታተልኩ ነው። የደረስኩበት ፍርድም ይህ ነው፦ የፊልሙ ሠሪዎች ዕቃውን በጥንቃቄ አይተዋል፤ እንጨቱን፣ በረዶውን፣ ጥልፉን፣ ዜማውን ሳይቀር በቅርብ አጥንተዋል። የተሳሳቱት እያንዳንዱ ነገር የማን እንደሆነ ሲወስኑ ነው። የገበሬውን ለንጉሥ ሰጡ፤ የጥንቱን ወደ ቅርብ ዘመን አመጡ፤ የአንዱን ሕዝብ ንብረት ደግሞ ስሙን ሳይጠሩ ለሌላው አለበሱ። ከእነዚህ ስሕተቶች አብዛኛዎቹ ማንንም አይጎዱም፤ የመጨረሻው ግን የሚያቆስለው ሰው አለ፤ ሰፋ አድርጌ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

ከቀሚሱ ልጀምር። አና እኅቷን ንግሥት ኤልሳን ፍለጋ ወደ ተራራው ስትወጣ የለበሰችው ጥቁር እጅጌ የሌለው ሰደርያ፣ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ጉርድ ቀሚስና በላዩ የተደረበ ካባ ነው። በሰደርያውና በቀሚሱ ጠርዝ ላይ የሚታየው የተጠማዘዘ ቅጠልና አበባ ኖርዌጂያኖች ሮሰማሊንግ ከሚሉት የአበባ ሥዕል የተወሰደ ነው። ሮሰማሊንግ በመሠረቱ የጨርቅ ሳይሆን የእንጨት ጌጥ ነው፤ ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በተለይ በቴሌማርክና በሃሊንግዳል ሸለቆዎች የሚኖሩ ገበሬዎች የሙሽራ ሣጥናቸውን፣ ቁም ሣጥናቸውን፣ የጠላ ዋንጫቸውን፣ አንዳንዴም የቤታቸውን ግድግዳ ያስጌጡበት የቀለም ሥራ ነው። በእነዚያው ሸለቆዎች ሴቶቹ ተመሳሳዩን አበባ በሱፍ ክር በልብስ ላይ ይጠልፉት ስለነበር፣ የፊልሙ ሠሪዎች ቅርጹን ከእንጨት ወደ ጨርቅ ማሸጋገራቸው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም።

ይሁን እንጂ እውነተኛውን ልብስ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ላየ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው። ከሃሊንግዳል የመጣ አንድ ጥቁር የሱፍ ቀሚስ ለወራት በእጄ ነበር። የጠርዙ ጥልፍ ከጎን ይነሣና በኋላ በኩል ዞሮ ወደ ሌላው ጎን ይመጣል፤ የአበባው ቀለም ከጠቆረ ቀይ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እየፈዘዘ ወደ ሮዝ ይወርዳል፤ ከፊት ለፊት ግን ጥልፉ በድንገት ይቆማል፤ ጨርቁም ራሱ ይለወጥና ሸካራና ርካሽ ሱፍ ይሆናል። ምክንያቱ ያ ቦታ በሽርጥ የሚሸፈን መሆኑ ነው። ማንም በማያየው ቦታ ላይ ጥሩ ጨርቅና የተቀለመ ክር ማዋል ለገበሬ ሴት የማይታሰብ ነበር። ጨርቁን ስገለብጠው ደግሞ በውስጥ በኩል ከነጠላ ነጠላ ነጥቦች በቀር ክር አይታይም፤ ጠላፊዋ ክሩን በጀርባ በኩል ሳታሻግር በሙሉ ለፊት ለፊቱ አውላዋለች። የአና ቀሚስ ሽርጥ የለውም፤ ጥልፉም ዙሪያውን ሳይቋረጥ ይዞራል። ቁጠባ የማያውቅ እጅ የሠራው ቀሚስ ስለሆነ ለልዕልት ይመጥናል ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ፊልሙ በወንዶቹ ኮትና በሴቶቹ ወገብ በሚጠቁመው ዘመን፣ ማለትም በ1840ዎቹ አካባቢ፣ የአውሮፓ ልዕልት የምትለብሰው የፓሪስን ፋሽን ተከትሎ የተሰፋ ሐር እንጂ የሸለቆ ገበሬ ጥልፍ አልነበረም።

ቡናድ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ጎረቤትዎ ሲቆረቆሩለት አልፈርድባቸውም፤ አንድ ቡናድ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ክሮነር ያወጣል፤ ብዙውን ጊዜ ለልጃገረዶች በአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ለቤተ ክርስቲያን የእምነት ማጽኛ ሥርዓት የሚሰፋ ነው፤ የብር ጌጡም ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፋል። ከየትኛው ሸለቆ ወይም ወረዳ እንደሆነ ካልታወቀም ቡናድ አይባልም። ሆኖም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ቢኖር ቡናድ ራሱ አሁን ባለው መልኩ ጥንታዊ አለመሆኑ ነው። ጸሐፊዋ ሁልዳ ጋርቦርግ ስለ ኖርዌይ ልብስ መጽሐፋቸውን ያሳተሙት በ1903 ነው፤ አገሪቱ ከስዊድን ጋር የነበራትን ኅብረት ልታፈርስ ሁለት ዓመት ሲቀራት ማለት ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ አገር ወዳዶች ከገጠር ሊጠፋ የተቃረበውን ልብስ ሰብስበው፣ አስተካክለው፣ የጎደለውን ሞልተው ለበዓል እንዲሆን አድርገው ቀረጹት። በአንዳንድ ወረዳዎች ከነሙሉ ክፍሉ የተገኘ ልብስ ነበር፤ በሌሎቹ ግን ከአንድ ሰደርያ ወይም ከአንድ ቁራጭ ጥልፍ በመነሣት ሙሉ ቡናድ ተፈጥሯል። ይህን የምለው ቡናድን ለማሳነስ አይደለም፤ በእጄ ከያዝኳቸው ልብሶች መካከል ከቡናድ የበለጠ በፍቅር የሚለበስ አላየሁም። ነገር ግን «የእኛ እውነተኛ ነው፤ የፊልሙ ፈጠራ ነው» የሚለው ድንበር ጎረቤትዎ እንዳሰቡት ቀጥ ያለ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዕድሜ ሳይሆን የባለቤትነት ነው፤ ቡናዱን የቀረጹት የዚያው አገር ሰዎች ናቸው፤ የሚያሻሽሉትም፣ የሚከራከሩበትም እነሱ ናቸው።

ስለ ዙፋኑ አጠር አድርጌ ልጻፍ። የፊልሙ መንግሥት አረንደል ይባላል፤ ስሙ በደቡብ ኖርዌይ ጠረፍ ካለችው አረንዳል ከተማ የተወሰደ ነው፤ ተራራውና ፊዮርዱ (በተራሮች መካከል ዘልቆ የገባው ጠባብ የባሕር ወሽመጥ) ግን የምዕራቡ ጠረፍ ነው፤ የወደቡ ቤቶች በርገን ከተማ ካለው ብሪገን ከተባለው የነጋዴዎች ሰፈር ጋር ይመሳሰላሉ፤ የሰማዩ ብርሃን ደግሞ የሰሜኑ ነው። የሚያስገርመው ግን መልክዓ ምድሩ ሳይሆን ንግሥቲቱ ናት። ከ14ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ እስከ 1905 ድረስ ኖርዌይን የገዙት መጀመሪያ በዴንማርክ፣ ከ1814 በኋላ ደግሞ በስዊድን የተቀመጡ ነገሥታት ናቸው፤ በመካከሉ በ1814 ለጥቂት ወራት ብቻ የራሷ ንጉሥ ነበራት። በ1840ዎቹ በኖርዌይ ቤተ መንግሥት ውስጥ በር ተዘግቶባቸው የሚያድጉ ሁለት ልዕልቶች ሊኖሩ አይችሉም ነበር። ቢኖሩም እንኳ ኤልሳ መንገሥ አትችልም፤ የኖርዌይ ሕገ መንግሥት ሴት ልጅ ዙፋን እንድትወርስ የፈቀደው በ1990 ነው።

ከዘውዱ ሥርዓት ግን አንድ ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ኤልሳ ዘውድ በምትጭንበት ትዕይንት ጳጳሱ የሚጸልየው በጥንታዊ ኖርስ ቋንቋ ነው፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ምሁር ተማክሮበት ስለተዘጋጀ ሰዋስው ላይ ስሕተት አይፈለግበትም። እኛ ሐበሾች ይህን ስናይ ምንም አይደንቀንም፤ ቄሱ በግዕዝ ሲቀድስ እየሰማን ያደግን ነንና፣ ቤተ ክርስቲያን በጥንት ቋንቋ መጸለይዋ ተፈጥሯዊ ይመስለናል። የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ግን በተቃራኒው ነው የተነሣችው፤ ጸሎቱ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይሁን የሚለው ከመሠረቶቿ አንዱ ነበር። ኖርዌይ ሉተራን ከሆነችበት ከ1537 በኋላ የአገሪቱ መጽሐፍ ቅዱስም፣ መዝሙርም፣ ስብከትም በዴንማርክኛ ሆነ፤ ጥንታዊው ኖርስም በዚያን ጊዜ ከአፍ ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ የ1840ዎቹ ጳጳስ በዴንማርክኛ መናገር ነበረበት። ቃሉ ትክክል ሆኖ ተናጋሪው የተሳሳተበት ይህ ትዕይንት የፊልሙን ጠባይ ከየትኛውም የበለጠ ያሳያል።

በአንጻሩ ፊልሙ ከማንም የበለጠ የተሳካለት ብዙ ሰው ልብ በማይለው ቦታ ነው፤ መክፈቻው ላይ። ወንዶች በመጋዝ የሐይቅ በረዶ ቆርጠው፣ በመንጠቆ ጎትተው፣ በፈረስ በሚሳብ ተንሸራታች ጭነው ሲሄዱ ይታያል። ይህ እውነተኛ ሥራ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ኖርዌይ የተፈጥሮ በረዶ በመርከብ እየጫነች ወደ እንግሊዝና ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ትልክ ነበር፤ ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን የለንደን ዓሣ ነጋዴዎችና አይስክሬም ሠሪዎች የሚጠቀሙት ይህንኑ በረዶ ነበር። ብሎኩ በመንገድ ላይ እንዳይቀልጥ በመጋዝ ዱቄት ይሸፈናል። ገበያው እጅግ ከመድራቱ የተነሣ በኦስሎ አጠገብ ያለው የኦፐጎርድ ሐይቅ፣ በለንደን ስሙ ከገነነው የአሜሪካ ሐይቅ በረዶ ጋር እንዲወዳደር «ዌናም ሐይቅ» ተብሎ በንግድ ስም ተጠርቷል። ገበሬው በክረምት እርሻ ሲፈታ በረዶ ቆራጭ ይሆናል። ይህንን የልፋት ሥራ ለልጆች ፊልም መክፈቻ ማድረግ ትልቅ ማስተዋል ነው፤ ልጅዎ «ይህ እውነት ነው?» ብላ ስትጠይቅዎ ያለ ማመንታት «አዎ» ሊሏት ይችላሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በዚያው ትዕይንት ውስጥ በኋላ አናን ወደ ተራራው የሚያደርሳት ክሪስቶፍ፣ ገና ትንሽ ልጅ ሆኖ፣ ከሬይንዲር (የሰሜን አገር አጋዘን) ግልገል ጋር ይታያል። ሲያድግም ጫፉ ወደ ላይ የታጠፈ ጫማ፣ ጸጉራም ልብስና ሰፊ ቀበቶ ለብሶ፣ ሬይንዲሩን ተንሸራታች እያስጎተተ ይኖራል። ይህ ሁሉ የሳሚ ሕዝብ ነው። ሳሚዎች በኖርዌይ፣ በስዊድን፣ በፊንላንድና በሩሲያ ሰሜናዊ ክፍል የሚኖሩ፣ ከኖርዌጂያን ጋር ምንም ዝምድና የሌለው የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ነባር ሕዝብ ናቸው፤ በኖርዌይ በሬይንዲር እርባታ ክልሎች ከብቱን የማርባት መብት ዛሬም በሕግ ለእነሱ የተጠበቀ ነው። የታጠፈው የጫማ ጫፍ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የበረዶ መንሸራተቻውን ማሰሪያ ቆልፎ ይይዛል፤ ጫማው ውስጥ በካልሲ ፈንታ የደረቀና የለሰለሰ ሣር ይጎዘጎዛል። በዓመት አውል ልብሳቸው፣ ጋክቲ በሚሉት ሰማያዊ ሱፍ ላይ የተሰፋው ቀይና ቢጫ ጥብጣብ ለባሹ ከየትኛው አካባቢና ከየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ ይናገራል። እኛ ጥለት አይተን የሸማኔውን ሰፈር እንደምንገምት ሁሉ፣ እነሱ ግን ከዚያ አልፈው ሰውየውን ራሱን ያውቁታል። በአንዳንድ አካባቢዎች የቀበቶው ቁልፍ ክብ ከሆነ ያላገባ፣ አራት ማዕዘን ከሆነ ያገባ ነው።

በመጀመሪያው «ፍሮዝን»፣ በ2013 በወጣው፣ ሳሚ የሚለው ቃል አንድም ጊዜ አይነገርም። ክሪስቶፍ ወላጅ የሌለው፣ ትሮል በሚባሉ የተረት ፍጡራን ያደገ በረዶ ቆራጭ ነው፤ ሕዝብ የለውም። የመክፈቻው ዜማም እንዲሁ ነው። ብዙ ሐበሻ ወዳጆቼ ያን ቃል የሌለው የሚመስል ኃይለኛ የኅብረት ዜማ ሰምተው «የአፍሪካ ነው» ብለው ነበር። ዜማው በደቡብ ሳሚው አቀናባሪ በፍሮደ ፊየልሃይም የተሠራ ሲሆን መሠረቱ ዮይክ የተባለው የሳሚ ዜማ ነው፤ በውስጡም በስካንዲኔቪያ የታወቀ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ተሸምኗል። ርእሱ «ቩየሊየ» በደቡብ ሳሚኛ ዮይክ ማለት ነው። የሚነካኝ ሁለቱ በአንድ ላይ መሰማታቸው ነው፤ ምክንያቱም ሚስዮናውያን ዮይክን ለረጅም ዘመን ኃጢአት ነው ብለው ከልክለውት ነበር። ይህን የሚያውቅ ተመልካች ዜማውን ሲሰማ አንገቱን ይደፋል፤ የማያውቀው ደግሞ የአረንደል ሙዚቃ ብሎ ይወስደዋል።

«ታዲያ ተረት አይደለም ወይ? ምን ችግር አለው?» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ተረቱ ራሱ ይመልስለታል። ፊልሙ የተነሣው የዴንማርኩ ደራሲ ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን በ1844 ካወጣው «የበረዶዋ ንግሥት» ነው። በዚያ ተረት ትንሿ ጌርዳ በሬይንዲር ጀርባ ወደ ሰሜን ስትጓዝ የምታድርባቸው ሁለት ሴቶች አሉ፤ የመጀመሪያዋ፣ አንደርሰን በዘመኑ አጠራር «ላፕ» የሚላት፣ የሳሚ ሴት ናት። ይህች ሴት ለሁለተኛዋ መልእክት የምትልከው በወረቀት ሳይሆን በደረቀ ዓሣ ላይ ጽፋ ነው። «ላፕ» ዛሬ እንደ ስድብ የሚቆጠር ቃል ነው፤ የአንደርሰን አተያይም የዘመኑ አተያይ ነው፤ ቢሆንም ሴትየዋ በተረቱ ውስጥ አለች፤ ሕዝብ አላት፤ መንገዱን የምታውቀው እሷ ናት። ከ169 ዓመት በኋላ የተሠራው ፊልም ጫማውን፣ ሬይንዲሩንና ዜማውን አስቀርቶ ሴትየዋን አወጣት። እኔ በሙያዬ ብዙ ጊዜ የሚገጥመኝ ይህ ነው፤ መዝገቡ ላይ «ቀበቶ፣ ብር፣ ሰሜን» ተብሎ የተጻፈ ዕቃ አለ፤ የታጠቀችው ሴት ግን ስሟ የለም።

ይህ ስሕተት ከጳጳሱ ቋንቋ የሚለየው በጀርባው ባለው ታሪክ ነው። የኖርዌይ መንግሥት ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ ሳሚዎችን ኖርዌጂያን የማድረግ ፖሊሲ ተከትሏል። ልጆች ከወላጅ ተለይተው አዳሪ ትምህርት ቤት ይገቡ ነበር፤ በዚያም የእናታቸውን ቋንቋ መናገር አይፈቀድላቸውም ነበር። በ1902 የወጣ የመሬት ሕግ በሰሜን ጫፍ ባለው የፊንማርክ ግዛት መሬት ለመግዛት ኖርዌጂያንኛ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ እንዲያስፈልግ አደረገ። በዚህ ምክንያት በጠረፍ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ጋክቲያቸውን ሣጥን ውስጥ ቆልፈው፣ ሳሚ መሆናቸውን ከገዛ ልጆቻቸው ደብቀው ኖረዋል። ንጉሥ ሃራልድ አምስተኛ በ1997 ይቅርታ ጠይቀዋል፤ የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ዘገባውን በ2023 አቅርቧል፤ ፓርላማውም በ2024 በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ኖርዌጂያኑ ስለ ንግሥት ኤልሳ የተሳሳተ ነገር ቢያይ በየከተማው ቤተ መዘክር፣ በየትምህርት ቤቱ መጽሐፍ አለውና ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። አያቱ ጋክቲውን የቀበረችበት የሳሚ ልጅ ግን ልብሱን በዓለም ሲኒማ ሁሉ ላይ ያለ ስም ሲያየው፣ ይህ የመደበቁ ታሪክ ቀጣይ ሆኖ ነው የሚታየው። የፊልም ታሪካዊ ትክክለኛነት በስሕተቱ ብዛት ብቻ አይለካም የምለው ለዚህ ነው፤ የተሳሳቱበት ሕዝብ ስሕተቱን የሚያርምበት መድረክ አለው ወይስ የለውም ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ሳሚዎች ይህን ዝም ብለው አላለፉትም፤ ዲዝኒም ሰምቷል። ሁለተኛው ፊልም በ2019 ሲዘጋጅ የኖርዌይ፣ የስዊድንና የፊንላንድ የሳሚ ፓርላማዎች ከሳሚ ምክር ቤት ጋር ሆነው ከኩባንያው ጋር የጽሑፍ ስምምነት ተፈራረሙ። «ቨርደት» የተባለ የሳሚ አማካሪ ቡድን ፊልሙን እንዲያይና አስተያየት እንዲሰጥ ተደረገ፤ ፊልሙም 20,000 ገደማ ሰዎች ብቻ በሚናገሩት በሰሜን ሳሚኛ ድምፅ እንዲቀዳ ተስማሙ፤ ተቀዳም። በቤቷ ቋንቋ ኤልሳ ስትዘፍን የሰማች፣ ካውቶኬይኖ በተባለው የሰሜን ኖርዌይ የሳሚዎች አካባቢ የምትኖር ልጅ ከየትኛውም የአልባሳት ትክክለኛነት የሚበልጥ ነገር አግኝታለች ብዬ አምናለሁ።

በታሪኩ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። በሁለተኛው ፊልም ኖርዙልድራ የተባሉ፣ በሳሚ አምሳል የተቀረጹ ሕዝቦች አሉ፤ የኤልሳ አያት ስጦታ ነው ብሎ የገነባላቸው ግድብ ለካ ምድራቸውን ለማዳከም የታሰበ ነበር። ይህን አይቶ የአልታን ወንዝ የማያስታውስ ኖርዌጂያን ያለ አይመስለኝም። በ1970ዎቹ የተነሣው የአልታ ግድብ ዕቅድ መጀመሪያ ማዜ የተባለውን የሳሚ መንደር በውኃ የሚያጥለቀልቅ ነበር፤ መንደሩ ቢተርፍም ግድቡ በሬይንዲር መሄጃና መውለጃ ስፍራ ላይ መሆኑ አልቀረም። በ1979 የሳሚ ወጣቶች ኦስሎ በፓርላማው ፊት ድንኳን ተክለው በረሃብ አድማ ተቀመጡ፤ በጥር 1981 ብዙ መቶ ፖሊሶች በሥፍራው ራሳቸውን በሰንሰለት ያሰሩትን ተቃዋሚዎች አነሡ፤ የኃይል ማመንጫው በ1987 ሥራ ጀመረ። ሳሚዎች ግድቡን ማስቆም አልቻሉም፤ ከትግሉ የተገኘው የሳሚ ሕግና በ1989 የተከፈተው የራሳቸው ፓርላማ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከዲዝኒ ጋር የፈረመው ይኸው ፓርላማ ነው። በፊልሙ ግን ግድቡ ይፈርሳል፤ ጎርፉ ወደ አረንደል ሲመጣም ኤልሳ በአስማቷ ታቆመዋለች፤ ከተማዋ አንዲት ሰሌዳ እንኳ አልጎደለባትም። በደለኛው ምንም ሳይከፍል በዳይነቱን አምኖ የሚታረቅበት ታሪክ ለሕፃን ደስ ይላል፤ እኔ ግን አረንደል ቢያንስ ወደቧን ልታጣ ይገባት ነበር እላለሁ። በስፌትና በቋንቋ ላይ የተደረገው ያ ሁሉ ጥንቃቄ በታሪኩ ፍጻሜ ላይ አልተደገመም።

ወደ ልጅዎ ልመለስ። ቀሚሱ ነውር የለውም፤ በልደቷ፣ በቤት፣ ከጓደኞቿ ጋር ስትጫወት ትልበሰው። በሜይ 17 ግን «ቡናድ ነው» ብላ እንድትወጣ አልመክርም፤ ባታውቀውም፣ አጠገቧ የሚሰለፉት ልጆች የለበሱት ምናልባት አያታቸው ሁለት ክረምት የጠለፈችላቸውን ነው። ቡናድ መልበስ የምትወድ ከሆነ የምትኖሩበት ወረዳ የልጆች ቡናድ ሊኖረው ይችላል፤ የተገለገለበት በቅናሽ ይገኛል፤ ሳይጠየቅ ስፌት የሚያርመውንና በአገሩ ቀልድ «የቡናድ ፖሊስ» የሚባለውን ሰው አትፍሩት። በእኔ አስተያየት ግን የሚያምርባት ሐበሻ ቀሚሷ ነው። በዚያ ቀን ከየአገሩ የመጡ ቤተሰቦች የአገራቸውን ልብስ ለብሰው በልጆች ሰልፍ ላይ መውጣታቸው የተለመደ ነው፤ ጥለቱ ከየት እንደሆነ የሚጠይቃት ሰው ቢመጣ መልሱን አስቀድመው ያስጠኗት።

በዚያው ሰልፍ ላይ ጋክቲ የለበሰ ሰው ማግኘትዎ አይቀርም፤ ሳሚዎችም በዓሉን በልብሳቸው ያከብሩታልና። ሲያገኙ ልጅዎን ይዘው ቀረብ ይበሉና ከየት አካባቢ እንደሆነ በትሕትና ይጠይቁ፤ ልብሱን ከመንካትና ፎቶ ከማንሣት በፊት ፈቃድ ይጠይቁ። ልጅዎ የጫማውን ጫፍ ታይ፤ ከክሪስቶፍ ጫማ ጋር ወዲያው ታገናኘዋለች። የቀበቶው ቁልፍ ክብ ይሁን አራት ማዕዘን እሷው ትንገርዎት።